የመረብ ኬላና የነጋዴው መዝገብ

በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡናና ዝባድ ጭኖ ወደ ጎጃም የባሶ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ ኬላ ሳይሻገር ከገበያው አይደርስም ነበር። ኬላ ጠባቂውም ጭነቱ ከወዴት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጠይቆ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ዛሬም ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ፣ በዲማም ይሁን በደብረ ማርቆስ፣ ይህንኑ የመሰለ ኬላ ያስፈልገዋል። ይኸውም ኔትዎርክን ከኔትዎርክ በሚያገናኘው ራውተር ላይ የሚጻፈው «አክሰስ ኮንትሮል ሊስት»፣ ማለት የማሳለፊያና የመከልከያ ዝርዝር ነው።

በኔትዎርክ የሚላክ መልእክት ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በጥቅሉ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ አብዛኛውን ጊዜም የተፈለገው አገልግሎት ቁጥር ይገኛል፤ ለምሳሌ 443 ምስጢሩ ለተጠበቀ ድረ ገጽ፣ 25 ለኢሜይል ማስተላለፊያ ነው። ራውተሩ ይህን እየተመለከተ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል። የሚስማማውን የመጀመሪያ መሥመር እንዳገኘም ፍርዱን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ሲስኮ በሚሠራቸው ራውተሮች ደግሞ በዝርዝሩ መጨረሻ ያልተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ እርሱም «ያልተፈቀደ ሁሉ ይከልከል» የሚል ነው።

ስለዚህ የዝርዝሩ ኃይል በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን በ192.168.20.2 አድራሻ አኑሮ፣ ሠራተኞቹንና እንግዶቹን በ192.168.10 በሚጀምሩ አድራሻዎች ላይ ቢያደርግ፣ ከሠራተኞቹ ወገን ወደ ራውተሩ በሚገባው በር ላይ እንዲህ ሊያስጽፍ ይችላል።

1ኛ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒዩተር፣ 192.168.10.5፣ ወደ 192.168.20.2 በ443 ይለፍ።
2ኛ፤ ሌላው ሁሉ ወደ 192.168.20.2 እንዳይገባ ይከልከል።
3ኛ፤ የቀረው ሁሉ ይለፍ።

3ኛው መሥመር ወደ ላይ ቢወጣ ሁሉም ስለሚያልፍ ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ፤ መዝገቡም ለእንግዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል። 2ኛው ከ1ኛው ቢቀድም የሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ከሥራው ይታገዳል። 3ኛው ቢረሳ ደግሞ ያልተጻፈው ትእዛዝ ይሠራና ኢንተርኔቱ በሙሉ ለሠራተኞቹ ይዘጋል።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ሁሉን ቻይ አይደለም። ዲማ የቅኔ ጉባኤ የታወቀባት አገር ናትና፣ በዚያው አነጋገር ለመግለጽ፣ ዝርዝሩ ሰሙን ያያል እንጂ ወርቁን አይመረምርም። የጥቅሉን አድራሻና ቁጥር ይመለከታል፤ በውስጡ ያለው ቃል ቅን ወይም ተንኰል መሆኑን አያውቅም። የሒሳብ ሠራተኛውን የምስጢር ቃል ሰርቆ በእርሱው ኮምፒዩተር የተቀመጠ ሌባ ኬላውን ያልፋል። ስለዚህ የምስጢር ቃሉን መጠበቅና የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ሥፍራ ማኖር አይቀርም።

ጥቃት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሡ የኮምፒዩተር ጥቃት ሙከራዎችን ማክሸፉን ገልጿል፤ ምክንያታቸውም የዓባይ ግድብ የውኃ ሙሌት እንደ ነበረ አስታውቋል።

እንግዲህ ራውተር ያስተከለ ነጋዴ ባለሙያውን «ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈህ ስጠኝ፤ እያንዳንዱም መሥመር ለምን እንደ ተጻፈ አስረዳኝ» ማለት ይገባዋል። ከዚያም በእንግዶች መሥመር በገባ ስልክ መዝገቡን ለመክፈት ይሞክር፤ ቢከፈት ዝርዝሩ ይታረም። ሠራተኛ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ይታይ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማን እንደ ያዘ የሚያውቅ ነጋዴ፣ የመዝገቡን በር ማን እንደሚያልፍም ሊያውቅ ይገባዋል።