አየርን ሞላ ያደረጉ ሰው፦ ኤድጋር ቪልቸር እና የስፒከር ሳጥን

ከተማችን ደብረ ታቦር ስሟን ከታላቅ በዓል ጋር ትጋራለች። ነሐሴ 13 ሲቃረብ በደቡብ ጎንደር ደጋ መንደሮች የእረኞች ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ በዕለቱም በአብያተ ክርስቲያናት ከበሮ ይመታል። ይህን ሁሉ በጥሩ መቅረጫ ቀድታችሁ ማታ በትንሽ ስፒከር ብታዳምጡት አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የጅራፉ ጩኸት አለ፤ የልጆቹም ድምፅ አለ። ከከበሮው ግን የቀረው ቆዳው ሲመታ የሚሰማው ስስ ድምፅ ብቻ ነው። ደረትን የሚነቀንቀው ወፍራም ጉምታ ጠፍቷል።

ከበሮው ወዴት ሄደ? ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1954 ብልህ መልስ የሰጡት አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ናቸው። ዛሬ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ የስፒከር ሳጥን በእሳቸው ሐሳብ ላይ ብዙ ዕዳ አለበት።

ሳጥን ለምን አስፈለገ?

ስፒከር በመሠረቱ ቀላል መሣሪያ ነው። ቋሚ ማግኔት፣ በማግኔቱ መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ እና ከሽቦው ጋር የተያያዘ ሾጣጣ ወረቀት አሉት። የኤሌክትሪክ ሞገድ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ወረቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፤ አየሩንም ያንቀሳቅሳል።

ችግሩ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ነው። የፊቱ ገጽ አየሩን ሲገፋ የኋላው ገጽ ይስባል። ድምፁ ወፍራም፣ ማለትም ድግግሞሹ ዝቅተኛ ሲሆን፣ የተገፋው አየር በጠርዙ ዞሮ የተሳበውን ቦታ ለመሙላት በቂ ጊዜ ያገኛል። ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ጉምታውም ይጠፋል። ሳጥን የሚያስፈልገው የኋላውን ድምፅ ከፊተኛው ለመለየት ነው።

ይሁንና ሳጥኑ ሌላ ችግር ያመጣል። በትንሽ ሳጥን ውስጥ የታፈነ አየር ልክ እንደ ሞላ ወረቀቱን መልሶ ይገፋዋል። ወረቀቱ የራሱ ሞላ አስቀድሞ አለው፤ ይህም ጠርዙን የያዘው ጠንካራ እጥፋት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ወረቀቱ ይገትራል፤ የተፈጥሮ ድግግሞሹም ከፍ ይላል። ከዚያ ድግግሞሽ በታች ያለው ድምፅ በፍጥነት ይደክማል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከበሮን በወጉ መስማት የፈለገ ሰው የቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር መግዛት ነበረበት።

ከሥነ ጥበብ ታሪክ ወደ ጥገና ሱቅ

ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በኮሌጅ የተማሩት የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር ኤሌክትሮኒክስ አሠለጠናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላም በኒው ዮርክ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈቱ። የቀረውን ፊዚክስና ሒሳብ በራሳቸው ጥረት ተማሩ፤ ቆይተውም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ አባዛዝ የማታ ትምህርት ሰጡ።

ሌሎች ሰዎች የሳጥኑን አየር እንደ ጠላት ቆጥረው ሳጥኑን ሲያተልቁ እሳቸው ጥያቄውን ገለበጡት። ወረቀቱን የሚይዘው እጥፋት ጥሩ ሞላ አይደለም። ትንሽ ሲለጠጥ በእኩል መጠን ይመልሳል፤ ብዙ ሲለጠጥ ግን በድንገት ይገትራል፤ ድምፁም ይዛባል። አየር በአንጻሩ በዚህ የእንቅስቃሴ መጠን እጅግ የታመነ ሞላ ነው። እንግዲያው ለምን መጥፎውን ሞላ አናስወግደውም? የወረቀቱን ጠርዝ እጅግ አላልተን፣ ሳጥኑን ፈጽሞ አሽገን፣ መልሶ የመግፋቱን ሥራ ለታሸገው አየር ብንሰጠውስ?

የመጀመሪያው ናሙና የተሠራው ከጣውላ ሲሆን ልሉን የወረቀት ጠርዝ ባለቤታቸው ሮዝሜሪ ከፍራሽ ጨርቅ በስፌት መኪና ሰፉት። ውጤቱ ከትልልቆቹ ሣጥኖች የሚወዳደር፣ መዛባቱም ያነሰ ወፍራም ድምፅ ሆነ። ቪልቸር ተማሪያቸው ከነበረው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ኤአር-1 የተባለው ስፒከርም ገበያ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ኤአር-3 ደግሞ ለቀጫጭን ድምፆች ጉልላት መሰል ክፍሎችን ጨመረ። ጊዜውም ተስማሚ ነበር። የስቴሪዮ ሸክላዎች በዚያው ዓመት ገደማ በመውጣታቸው እያንዳንዱ ቤት ሁለት ስፒከር አስፈልጎት ነበርና ትንሽነት ታላቅ ጸጋ ሆነ።

ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር ግን የለም። በዚህ ዘዴ የተሠራ ስፒከር ከኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ጥቂቱን ነው፤ ስለዚህ ብርቱ ማጉያ ይፈልጋል። ትንሽ ሳጥን፣ ወፍራም ድምፅ እና ቁጠባ ሦስቱም በአንድ ጊዜ አይገኙም።

መሲንቆ እና ስፒከር

የመሲንቆ ሳጥንም አየር ይዟል፤ በቆዳም ተሸፍኗል። አዝማሪው የፈረስ ጭራውን ሲገርፍ ሳጥኑ የራሱን ጠባይ በድምፁ ላይ ይጨምራል። ይህ ጠባይ የመሣሪያው ውበት ነው። ስፒከር ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ መሲንቆን መሲንቆ፣ ከበሮን ከበሮ አድርጎ ማውጣት እንጂ የራሱን ጠባይ መጨመር የለበትም። ቪልቸር ይህን አቋማቸውን በአደባባይ አስፈትነዋል። ኩባንያቸው ባዘጋጃቸው ትርኢቶች ላይ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ መካከል ላይ ድምፁ ወደ ቅጂ ይለወጥ ነበር፤ ብዙ አድማጮችም ለውጡን መለየት ተስኗቸው ነበር።

በደብረ ታቦር ሲሆንስ?

እዚህ ላይ የእኛ ከፍታ አንድ አስደናቂ ነገር ያሳየናል። የታሸገ አየር የሞላነት ግትርነት ከአየሩ ግፊት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ በወረቀቱ ስፋት ካሬ ይባዛል፤ ለሳጥኑ ይዘትም ይካፈላል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ሳጥን ከጅቡቲ ወደ ደብረ ታቦር ቢመጣ የአየሩ ሞላ በ28 በመቶ ገደማ ይላላል።

የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከግትርነቱ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል። የ0.72 ካሬ ሥር 0.85 ገደማ ነው። እንግዲህ ሞላው በሙሉ አየር ቢሆን በባሕር ወለል 50 ኸርዝ የነበረው ድግግሞሽ እዚህ ወደ 42 ኸርዝ ይወርዳል። ይህ ለከበሮ ወዳጆች የምሥራች ይመስላል። ነገር ግን የሙቀቱ መጠን እኩል ከሆነ የአየሩም እፍጋት በዚያው 28 በመቶ ይቀንሳል። ወረቀቱ እኩል ቢርገበገብም የድምፁ ግፊት ወደ 3 ዴሲቤል ያንሳል፤ ይህን ለማካካስ የማጉያው ኃይል እጥፍ ሊሆን ይገባል። የድምፅ ፍጥነት ግን በሙቀት እንጂ በግፊት አይወሰንምና ከፍታው ብቻውን አይለውጠውም። በጉና ተራራ ላይ ደግሞ ለውጡ ከዚህም ይበረታል። ስሌቱን ለእናንተ ትተነዋል።

ከሳጥኑ ባሻገር

ቪልቸር ለፈጠራቸው እ.ኤ.አ. በ1956 የባለቤትነት መብት አግኝተው ነበር። ኋላ ግን ሃሪ ኦልሰን ቀደም ብሎ ያስመዘገበው ሐሳብ ተጠቅሶ መብቱ በፍርድ ቤት ተሻረ። ይግባኝ አላሉም፤ ዘዴውም የሁሉም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኩባንያቸውን ሸጠው ፊታቸውን ወደ መስማት ችግር አዞሩ።

የመስማት ችሎታው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ድምፅ አይሰማም፤ ከፍተኛው ግን እንደ ጤነኛው ሰው፣ አንዳንዴም ይበልጥ ያውከዋል። ስለዚህ ሁሉንም እኩል የሚያጎላ መሣሪያ አይጠቅመውም። ቪልቸር ድምፁን በድግግሞሽ ከፍለው በየክፍሉ ዝቅተኛውን አብዝቶ፣ ከፍተኛውን አሳንሶ የሚያጎላ ዘዴ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳተሙ። በዚህ ጊዜ የባለቤትነት መብት አልጠየቁም፤ ማንም እንዲሠራበት ተዉት። ዛሬ የመስማት መርጃ መሣሪያዎች የሚሠሩት በአብዛኛው በዚሁ መርሕ ነው። ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ2011 በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገሩን በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ያዙ፤ አፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ መግፊያውን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። መልሶ የገፋችሁ ያ አየር ነው በሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱን የሚመልሰው። ከዚያ በከተማችን ወዳሉት የጥገና ሱቆች ጎራ ብላችሁ የተከፈተ ስፒከር ተመልከቱ። ጠርዙ ልል ነው ወይስ ገታራ? ሳጥኑስ ታሽጓል ወይስ ቀዳዳ አለው? ቪልቸርም የጀመሩት ከእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነበር። በመጪው ቡሄ ከበሮው በስፒከራችሁ ውስጥ ቢጠፋ፣ ወዴት እንደ ሄደ አሁን ታውቃላችሁ።