ከጉሮሮ ወደ ልብ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው የሚሆነው የታወቀ ነው። አያት ዝንጅብል በማር ያፈላሉ፤ እናት ካለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን ትፈልጋለች፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት ልጁ ወርዶ ኳሱን ይጫወታል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ብዙው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይድናል።

ችግሩ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ቶንሲል ነው። በአግባቡ ካልታከመ፣ በጥቂት ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ይህ የሚጀምረው ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በመሆኑ ሁለቱን የሚያያይዝ ሰው ጥቂት ነው። ጉልበት ያብጣል፤ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን ይዞራል። «ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይባላል። መገጣጠሚያው ይሽራል፤ የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ሕመሙ ባገረሸ ቁጥርም ይብሳል። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ደረጃው መሀል ቆማ ትንፋሽ ትሰበስባለች። አንዳንዷም የልብ ሕመምተኛ መሆኗን የምታውቀው ስታረግዝ ነው።

ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የሚሆን ድርጅት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እስኪከፈት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ፣ ልጆች ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ብረት ቫልቭ የተተካለት ልጅ ደግሞ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው መድኃኒት ርካሽ ነው፦ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም 10 ቀን ሙሉ የተወሰደ አሞክሳሲሊን። የተሻለው መስሎን በሦስተኛው ቀን ማቋረጥ ነው ነገሩን የሚያበላሸው። እንጥል ማስቆረጥማ ደም ከማፍሰስና ሌላ ቁስል ከማምጣት በቀር ለዚህ የሚፈይደው የለም። ዝንጅብሉ አይጎዳም፤ ይቀጥል።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ሥር ካበጠ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚዞር የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ሳይፈልግ የሚወራጭ እጅ ካያችሁ ግን በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሂዱ።

በሽታው የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት ይወጋል። ጤነኛ ሲመስል ቀኑ ይረሳል፤ በተለይ ክረምት፣ ልጁ አያቶቹ ጋ ገጠር ሲሄድ። ከመሄዱ በፊት እዚያ የሚወጋበትን ጤና ጣቢያ አጣሩ፤ ካርዱንም ሻንጣው ውስጥ ጨምሩለት።