ሊንደን ጆንሰን፦ ከ87 ድምፅ እስከ ምርጫ መብት ሕግ

የ36ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሊንደን ቤይንስ ጆንሰን ስም በአገሪቱ የምርጫ ታሪክ ውስጥ በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ይነሳል። በ1948 ወደ ሴኔት የገቡት በ87 ድምፅ ልዩነት ሲሆን የዚያ ውጤት ትክክለኛነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቷል። በ1965 ደግሞ በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተመዝግበው ድምፅ እንዲሰጡ ያስቻለውን ሕግ በፊርማቸው ያጸደቁት እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ክንውኖች መካከል ያለው ጊዜ 17 ዓመት ብቻ ነው። የአንድ ምርጫ ዕጣ በመዝጋቢውና በጣቢያ ኃላፊው እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚወድቅ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው የጆንሰንን ጉዞ ያህል ገላጭ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን በኦገስት 1908 በቴክሳስ ግዛት ስቶንዎል በተባለች የገጠር መንደር አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው በግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያገለገሉ ቢሆንም ቤተሰቡ በኋላ በዕዳ ተይዞ ነበር። ወጣቱ ጆንሰን በ1928 ኮቱላ በተባለች ትንሽ ከተማ የድሆች ሜክሲኳዊ አሜሪካውያን ልጆችን አስተምረዋል። ከዚያም የአንድ የኮንግረስ አባል ጸሐፊ፣ በ1935 ደግሞ በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የተቋቋመው የወጣቶች የሥራ ፕሮግራም የቴክሳስ ዳይሬክተር ሆኑ። ስለዚህ ለምርጫ ከመቅረባቸው በፊት የመንግሥትን ቢሮ ከውስጥ ያውቁት ነበር።

የመጀመሪያው ዕድል የመጣው በ1937 የ10ኛው የምርጫ ወረዳ ተወካይ የነበሩት ጄምስ ቡካነን በሞት በመለየታቸው ነው። በማሟያ ምርጫው በርካታ ዕጩዎች የቀረቡ ሲሆን የ28 ዓመቱ ጆንሰን ራሳቸውን ከሌሎቹ የለዩት ሩዝቬልትን ያለ ምንም ማቅማማት እደግፋለሁ በማለት ነበር። ሕጉ ሁለተኛ ዙር ስላልነበረው ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ጆንሰንም 28 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ አለፉ። የድላቸውን ዜና የሰሙት በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ትምህርት ገጠማቸው። በ1941 የሴናተር ሞሪስ ሼፐርድን ሞት ተከትሎ በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ዋና ተፎካካሪያቸው የቴክሳስ አገረ ገዢ ሊ ኦዳንኤል ነበሩ። ኦዳንኤል በሬዲዮ ሙዚቃ እያሰሙ ዱቄት በመሸጥ ዝናን ያተረፉ ሰው ናቸው። በምርጫው ምሽት ጆንሰን በብዙ ሺህ ድምፅ ይመሩ ስለነበር ድሉ የተጠናቀቀ መስሎ ታየ። ይሁን እንጂ የጆንሰን ደጋፊዎች ጠንካራ ይዞታቸው ከሆኑት አካባቢዎች የተገኘውን ውጤት ቀድመው አሳውቀዋል። በዚህም ምክንያት የተቃራኒው ወገን ሰዎች ለማሸነፍ ስንት ድምፅ እንደሚጎድላቸው በትክክል አወቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ከምሥራቅ ቴክሳስ የገጠር ካውንቲዎች "የተስተካከሉ" ቁጥሮች መድረስ ጀመሩ። በመጨረሻም ጆንሰን በ1 ሺህ 311 ድምፅ ተሸነፉ።

በዚህ ሽንፈት ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ኦዳንኤል የመጠጥ ንግድ ጠላት ስለነበሩ ከአገረ ገዢነት ወንበር ተነስተው ወደ ዋሽንግተን ቢሄዱ ደስ የሚላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ኦዳንኤል ሲሄዱ የአገረ ገዢነቱን ሥልጣን የተረከቡት ምክትላቸው ኮክ ስቲቨንሰን ናቸው፤ እኚሁ ሰው በ1948 የጆንሰን ተቀናቃኝ ሆነው ቀረቡ።

የ1948ቱን ክርክር ለመረዳት የቴክሳስን የዘመኑን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ግዛቲቱ በአንድ ፓርቲ፣ ማለትም በዲሞክራቶች፣ የምትመራ ስለነበረች ትክክለኛው ፉክክር የሚካሄደው በፓርቲው የዕጩ መለያ ምርጫ ላይ ነበር። የኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ከሥርዓት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ጥቁሮች በዚህ የዕጩ መለያ ምርጫ እንዳይሳተፉ የሚያግደው ደንብ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1944 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው የምርጫ ግብር መክፈል ነበረበት። በደቡብ ቴክሳስ በሚገኙ አንዳንድ ካውንቲዎች ግብሩን ለድሆች የሚከፍሉት የአካባቢው ባላባቶች ሲሆኑ፣ ድምፁም ለከፋዩ ይውል ነበር። ከእነዚህ ባላባቶች ዋነኛው "የዱቫል መስፍን" እየተባሉ የሚጠሩት ጆርጅ ፓር ነበሩ።

በጁላይ 1948 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር ስቲቨንሰን ጆንሰንን ከ70 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ መሩ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ዕጩ ባለመኖሩ ሁለቱ ለኦገስት 28 የመለያ ዙር ተቀጠሩ። ጆንሰን በዚያ ዘመን እንግዳ በነበረ ሄሊኮፕተር ከመንደር መንደር እየበረሩ ቀሰቀሱ። አንድ ሚሊዮን ለመሙላት ጥቂት የቀረው ድምፅ ተሰጠ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሪነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ቆይቶ ስቲቨንሰን በጥቂት መቶ ድምፆች ያሸነፉ መሰለ።

ከምርጫው ስድስት ቀን በኋላ በጂም ዌልስ ካውንቲ አሊስ ከተማ ከሚገኘው 13 ቁጥር ሣጥን እርማት መጣ። በዚህ ጣቢያ ለጆንሰን ተመዝግቦ የነበረው 765 ድምፅ 965 ሆኖ ተገኘ። በቀላል አነጋገር 7 ቁጥር 9 ሆናለች። በመራጮች ዝርዝር መጨረሻ ላይ 202 ስሞች ተጨምረው የነበረ ሲሆን፣ ዝርዝሩን ያዩ ሰዎች ስሞቹ በአንድ ዓይነት ቀለምና የእጅ ጽሑፍ በፊደል ተራ የሰፈሩ መሆናቸውን መስክረዋል። መራጮች ወደ ጣቢያ በፊደል ተራ ተሰልፈው እንደማይመጡ የምርጫ ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስቲቨንሰን በ1934 ቦኒና ክላይድ የተባሉትን ወንበዴዎች በገደለው ቡድን መሪ፣ በስመ ጥሩው የቴክሳስ ሬንጀር ፍራንክ ሄመር ታጅበው ወደ አሊስ ቢሄዱም ሰነዱን ለአጭር ጊዜ ከማየት በቀር ቅጂውን ሊያገኙ አልቻሉም።

የመጨረሻው ድምር ጆንሰን 494 ሺህ 191፣ ስቲቨንሰን 494 ሺህ 104 ሆነ። ውጤቱን የሚያጸድቀው የግዛቲቱ የዲሞክራቲክ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በፎርት ዎርዝ ተሰብስቦ በ29 ድጋፍና በ28 ተቃውሞ አጸደቀው። ስቲቨንሰን ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት በማለታቸው ዳኛው የጆንሰን ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር የእግድ ትዕዛዝ ሰጡ፤ የምርጫ ሣጥኖችም መመርመር ተጀመረ። ሆኖም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሁጎ ብላክ ጉዳዩ የግዛቲቱ እንጂ የፌዴራል ፍርድ ቤት አይደለም በማለት እግዱን አነሱ። ምርመራውም በጅምር ቀረ። ጆንሰን በኖቬምበር የሪፐብሊካኑን ዕጩ በቀላሉ አሸንፈው ሴናተር ሆኑ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ በምሥራቅ ቴክሳስ ለስቲቨንሰን የተመዘገበው ድምፅም ከእንከን የጸዳ አልነበረም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች እንዳሉ መጥቀስ ይገባል። በ1977 ግን የ13 ቁጥር ሣጥን ኃላፊ የነበሩት ሰው ተጨማሪዎቹ ድምፆች በፓር ትዕዛዝ የተፈበረኩ መሆናቸውን ለአሶሺየትድ ፕሬስ ተናግረዋል። ያኔ ጆንሰንም ፓርም በሕይወት አልነበሩም። ጆንሰን ራሳቸው ለዓመታት "በከፍተኛ ድምፅ ያሸነፈው ሊንደን" በሚል የፌዝ ቅጽል ሲጠሩ ኖረዋል።

በሴኔት የነበራቸው ዕድገት ፈጣን ነበር። በ1953 የአናሳው ፓርቲ መሪ፣ በ1955 ደግሞ የአብላጫው ፓርቲ መሪ ሆኑ። በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ቢሞክሩም በሎስ አንጀለሱ ጉባኤ ጆን ኬኔዲ በ806 የጉባኤተኛ ድምፅ ሲመረጡ ጆንሰን ያገኙት 409 ነበር። ቀጥሎ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጣመሩ። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አስቀድሞ ባወጣው ሕግ መሠረት በዚያው ቀን በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ለሁለት ሥልጣን፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነትና ለሴኔት፣ ቀርበው በሁለቱም አሸንፈዋል። የኬኔዲ ቡድን ቴክሳስን ያገኘው በ46 ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ ይህ ድል ያለ ጆንሰን የሚታሰብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጆንሰን የለቀቁትን የሴኔት ወንበር በ1961 የማሟያ ምርጫ ሪፐብሊካኑ ጆን ታወር ወሰዱት።

ኬኔዲ በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዳላስ ሲገደሉ ጆንሰን በዚያው ዕለት በአውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በ1964 ምርጫ 61 በመቶ የሕዝብ ድምፅና 486 የወኪል መራጮች ድምፅ በማግኘት ባሪ ጎልድዋተርን አሸነፉ። በመቶኛ ሲሰላ ከ1820 ወዲህ ይህን ያህል የሕዝብ ድምፅ ያገኘ ፕሬዚዳንት የለም፤ የፌዙ ቅጽልም እውነት ሆነ። ጎልድዋተር ከራሳቸው ግዛት ከአሪዞና ሌላ ያሸነፉት በአምስት የደቡብ ግዛቶች ነው። በሚሲሲፒ ያገኙት 87 በመቶ ነበር። በዚህች ግዛት በመራጭነት የተመዘገቡት ጥቁሮች መመዝገብ ከሚገባቸው ውስጥ ከ7 በመቶ ያነሱ ነበሩ።

ይህን ያደረገው የወረቀት ሕግ ሳይሆን መዝጋቢው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1870 በተደረገው ማሻሻያ ዘርን ምክንያት በማድረግ ድምፅ መከልከልን ሽሯል። በተግባር ግን በካውንቲው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ አመልካቹን የማንበብና መጻፍ ፈተና ይፈትነዋል፤ ማለፍ አለማለፉንም እሱው ይወስናል። በማርች 1965 በአላባማ ግዛት ሴልማ ከተማ ሰላማዊ ሰልፈኞች በፖሊስ ከተደበደቡ በኋላ ጆንሰን ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ንግግር ሲያደርጉ የኮቱላ ተማሪዎቻቸውን አስታወሱ። ኦገስት 6 ቀን የተፈረመው ሕግ የማንበብ ፈተናውን አገደ። መዝጋቢው እምቢ ባለበት ካውንቲ የፌዴራል መንግሥት የራሱን መዝጋቢዎች እንዲልክ ፈቀደ። ከዚህም ሌላ የተለዩ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ለመለወጥ ሲፈልጉ አስቀድመው ፈቃድ እንዲያገኙ አስገደደ። በ1967 በሚሲሲፒ የተመዘገቡ ጥቁሮች ቁጥር ወደ 60 በመቶ ገደማ ደረሰ። የቅድሚያ ፈቃድ የሚጠየቁትን ግዛቶች የሚለየው የሕጉ አንቀጽ በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ የተሻረ ሲሆን ክርክሩ ከዚያ በኋላም አልበረደም።

በ1948 የተጨመሩት ስሞች አብዛኞቹ የሜክሲኳዊ አሜሪካውያን ነበሩ። ጆንሰን በኮቱላ ያስተማሯቸው ልጆች ወገን የሆኑ ሰዎች ስማቸው ያለ እነሱ ዕውቀት ለጆንሰን ድምፅ መስጫ ሆኖ እንደዋለ ክሱ ያመለክታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ የሰጡት የጸጸት ቃል የለም።

የቬትናም ጦርነት የጆንሰንን ድጋፍ አመነመነው። በማርች 1968 በኒው ሃምፕሻየር በተካሄደው የዕጩ መለያ ምርጫ ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሳይታተም፣ መራጮች በእጃቸው እየጻፉ 50 በመቶ ገደማ ድምፅ ሰጧቸው፤ የጦርነቱ ተቃዋሚ ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ግን 42 በመቶ አገኙ። በሥልጣን ላይ ላለ ፕሬዚዳንት ይህ ድል ከሽንፈት አይሻልም ነበር። ማርች 31 ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው የፓርቲያቸውን ዕጩነት እንደማይጠይቁም፣ ቢሰጣቸውም እንደማይቀበሉ አስታወቁ።  በጃኑዋሪ 22 ቀን 1973 በ64 ዓመታቸው በቴክሳስ እርሻቸው አረፉ።