የሼራግቦልተን የእግር ጉዞ

ሼራግቦልተን በደቡብ ምዕራብ ኖርዌይ፣ በሩጋላንድ አውራጃ፣ ሊሰፊዮርድ ከተባለው የባሕር ሰርጥ በላይ በሁለት የገደል ግድግዳዎች መካከል ተሰንቅሮ የቀረ ትልቅ ድንጋይ ነው። መጠኑ 5 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ ከሥሩ እስከ ባሕሩ ውሃ ድረስ ያለው ከፍታ 984 ሜትር ነው። ወደ ድንጋዩ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ ጎብኚ የሚደርሰው ደርሶ መልስ 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የተራራ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው። ርቀቱ ሲሰማ አጭር ቢመስልም ጉዞው በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ልምድ ለሌለው ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህ ጽሑፍ ድንጋዩ በዚያ ቦታ እንዴት እንደተገኘ፣ መንገዱ ከርቀቱ በላይ የሚያደክመው ለምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ቀኑ እንዴት እንደሚታቀድ ያብራራል።

ስያሜ

«ሼራግ» የተራራው ስም ነው። የቃሉ መነሻ ድምፅ በአማርኛ ትክክለኛ አቻ የለውም፤ ሲነገር ወደ «ሼ» ይቀርባል፣ አጻጻፉን የተከተሉ ግን «ኬራግ» ይሉታል። «ቦልተን» ማለት «ቡሎኑ» ማለት ነው። ድንጋዩ ሁለት ብረት እንደሚያያይዝ ቡሎን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተቀርቅሮ ስለሚታይ ይህ ስም ተሰጥቶታል።

አቀማመጥ

የሼራግ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,110 ሜትር ከፍታ አለው። በሰሜን በኩል በድንገት ተቆርጦ ወደ ሊሰፊዮርድ ይወርዳል፤ ጎብኚዎችን የሚስበውም ከፍተኛው ጫፍ ሳይሆን ይህ የገደሉ አፋፍ ነው። አካባቢው ቀድሞ በፎርሳን ማዘጋጃ ቤት ሥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ግን በሳንድነስ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው። በአቅራቢያው ያለው ትልቅ ከተማ ስታቫንገር ነው።

አፈጣጠር

ፊዮርድ የበረዶ ግግር የቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ የባሕር ውሃ ሲገባ የሚፈጠር ጠባብና ረጅም ሰርጥ ነው። ሊሰፊዮርድ 42 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከ400 ሜትር ይበልጣል። አፉ ላይ ግን በጣም ጥልቀት የለውም፤ ምክንያቱም የበረዶ ግግር ሸለቆን አጥልቆ የሚቆፍረው በመሃሉ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ጉልበቱ እየደከመ ተሸክሞት የመጣውን አፈርና ድንጋይ እዚያው ይጥለዋል። «ሊሰ» የሚለው ስም ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፤ በሁለቱ ዳር የቆመው የግራናይት ግድግዳ ቀለም ፈካ ያለ ነውና።

የተጓዡ እግር የሚረግጠው አለት ለምን ለስላሳ እንደሆነ የሚገልጸውም ይኸው ታሪክ ነው። በበረዶ ዘመን አካባቢው በከባድ የበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። በረዶው በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ፣ በውስጡ በያዘው ጠጠርና አሸዋ አለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ከ10,000 ዓመታት በፊት ገደማ በረዶው ሲያልቅ በአለቱ ላይ የነበረው ጫና ተነሳ፤ አለቱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር እየተሰነጠቀ ሰፋፊ ዘንባላ ገጾችን ፈጠረ። የሼራግ መንገድ ብዙው ክፍል በእነዚህ ገጾች ላይ የሚሄድ ነው።

ሼራግቦልተንም የዚሁ ዘመን ቅሪት ነው። የበረዶ ግግር ድንጋዮችን ከቦታቸው ነቅሎ ይወስዳል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ባሉበት ይጥላቸዋል። ይህ ድንጋይ የወረደው በስንጥቅ ላይ ስለነበር በሁለቱ ግድግዳዎች ተይዞ ቀረ። አንድ ሜትር ኩብ ግራናይት 2.6 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ የድንጋዩ ክብደት ወደ 13 ቶን እንደሚጠጋ ማስላት ይቻላል።

መንገዱ

ጉዞው የሚጀምረው ከኦይጋርድስቶለን የመኪና ማቆሚያ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። መንገዱ በቀይ ቀለም በተጻፈ የላቲን «ቲ» ፊደል ምልክት የተደረገበት ነው፤ ይህ ምልክት በመላው ኖርዌይ የተራራ የእግር መንገዶችን ያመለክታል። መንገዱን በአራት ክፍል ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ክፍል ከመኪና ማቆሚያው እንደተነሱ የሚጀምር ቀጥ ያለ አቀበት ነው። በለስላሳው አለት ላይ የብረት ሰንሰለት በአጫጭር ምሰሶ ተዘርግቷል፤ ተጓዡ ሰንሰለቱን በእጁ እየሳበ ይወጣል። ሰውነት ገና ሳይሞቅ ስለሆነ ብዙዎች እዚህ ላይ ቸኩለው ይደክማሉ። ከአቀበቱ ማብቂያ በኋላ መንገዱ ወደ አንድ ትንሽ ሸለቆ ይወርዳል።

ሁለተኛው ክፍል ሌላ አቀበት ሲሆን ከእሱም በኋላ ቁልቁለት ይከተላል። ተጓዡ ውሃ ወደሚፈስበት አረንጓዴ ሸለቆ ይወርዳል፤ ይህ ሸለቆ ለማረፍ ምቹ ነው።

ሦስተኛው አቀበት ከሁሉም ረጅምና አድካሚ ነው። ሰንሰለቱ ከሁሉ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። አቀበቱ ሲያልቅ አምባው ላይ ይወጣል።

አራተኛው ክፍል ዛፍ የሌለበት፣ አለት ብቻ የሆነ ሰፊ አምባ ነው። አቀበቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ሆኖም ነፋስን የሚከልል ነገር የለም። ጭጋግ ሲወርድ ምልክቶቹን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ መሄድ ግድ ይሆናል፤ ያለ ምልክት የሄደ ሰው ሳያውቀው ወደ ገደሉ አፋፍ ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻ መንገዱ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። በዚህ ቦታ እስከ በጋው መጀመሪያ ድረስ በረዶ ይቆያል። በበረዶው ሥር ውሃ ስለሚፈስ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጅረት ድምፅ በሚሰማበት ላይ መርገጥ አይገባም።

አድካሚነቱ ከየት ይመጣል?

የመነሻውና የአምባው ከፍታ ልዩነት ከ400 እስከ 500 ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ተጓዡ የወጣውን ሁለት ጊዜ መልሶ ስለሚወርድ በአጠቃላይ የሚወጣው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲመለስ ያ ሁሉ ይደገማል፤ ሄዶ የወረዳቸው ሁለት ቁልቁለቶች በመልሱ አቀበት ሆነው ይጠብቁታል። በሌሎች ተራሮች ከጫፍ የሚመለስ ሰው ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው ብሎ ይጽናናል፤ በሼራግ ግን ይህ አይሠራም።

ቁልቁለቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሰው ሲወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይገታል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ጡንቻን ከአቀበት ይልቅ ይጎዳል፣ የነገና የተነገ ወዲያ ሕመምም በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ጡንቻው ሲዝል ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ የመጨረሻው ቁልቁለት ደግሞ በሰንሰለት የሚወረደው ለስላሳ አለት ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል የሚመጣው ተጓዡ እጅግ በደከመበት ሰዓት ነው።

ዝናብ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። ደረቅ ግራናይት ጫማን አጥብቆ ይይዛል፤ በአለቱ ላይ ጠቆር ብለው የሚታዩት የሽበት መስመሮች ግን ሲረጥቡ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። የኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ደግሞ በአውሮፓ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

የጊዜ ስሌት

መንገዱ ለተራ ተጓዥ ክፍት የሚሆነው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ነው፤ በክረምት ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። አካባቢው ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ፣ 59 ዲግሪ ሰሜን ላይ የሚገኝ በመሆኑ የቀን ርዝመት ከወር ወር በጣም ይለያያል። በጁን መጨረሻ 18 ሰዓት ያህል ብርሃን ሲኖር፣ በኦክቶበር መጨረሻ ከ10 ሰዓት ያነሰ ነው።

ጉዞን ለማቀድ የሚበጀው ከመነሻ ሰዓት ሳይሆን ከፀሐይ መጥለቂያ ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ለምሳሌ በሴፕቴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ (በአውሮፓ አቆጣጠር 19 ሰዓት) ነው። ለድንገተኛ ችግር 2 ሰዓት መጠባበቂያ ሲቀነስ፣ መኪናው ጋ መድረስ የሚገባው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። መልሱ 3 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ ከድንጋዩ መነሳት ያለበት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጉዞ የጀመረና ለመሄድም 3 ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው እንደደረሰ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ለምሳና ለፎቶግራፍ የቀረው ጊዜ የለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ ግን ሁለት ሰዓት በእጁ አለው። በዚህ ስሌት የሚገኘው የመመለሻ ሰዓት ከጉዞው በፊት ሊወሰንና ለአብሮ ተጓዦች ሁሉ ሊነገር ይገባል፤ ድካምና ጉጉት ከተጀመረ በኋላ የሚወሰን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ያደላል።

ስንቅና ትጥቅ

አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በፊዮርዱ ዳር 16 ዲግሪ ቢሆን፣ በአምባው ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ነፋሱ ደግሞ ቅዝቃዜውን ያብሰዋል። ስለዚህ በበጋም ቢሆን የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

- ሶሉ የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ የተራራ ጫማ
- ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ
- የሱፍ የውስጥ ልብስ፤ ጥጥ በላብ ሲርስ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል
- ለሰንሰለቱ የሚሆን ጓንት
- ለቀኑ ሙሉ የሚበቃ ምግብና ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ
- ካርታ፣ የግንባር ባትሪ፣ የተሞላ ስልክና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ

በኖርዌይ የሕክምና የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 113፣ የፖሊስ ደግሞ 112 ነው።

በድንጋዩ ላይ መቆም

ወደ ድንጋዩ የሚወጣው ከጀርባው፣ በጠባብ የአለት ጠርዝ ዞሮ ነው። በግድግዳው ላይ እጅ የሚይዘው ብረት አለ፤ ከዚያ ውጪ አጥርም ሆነ መረብ የለም። ድንጋዩ በዚያ ለሺህ ዓመታት የቆየ ነውና የሚያሰጋው የእሱ መውደቅ ሳይሆን የሰው መንሸራተት ነው። ድንጋዩ ሲረጥብ፣ ነፋስ ሲበረታ ወይም እግር በድካም ሲንቀጠቀጥ መውጣት አይገባም። በሚታወቀው ፎቶግራፍ ላይ ሰው በአየር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ፎቶግራፉ ግን የተሰለፈውን ሕዝብም ሆነ ገና የሚቀረውን የመልስ መንገድ አያሳይም። በድንጋዩ ላይ ሳይቆሙ ከጎኑ ያለውን አለት መርጠው ፊዮርዱን አይተው የሚመለሱም ብዙ ናቸው።

ስለ መመለስ

ኖርዌይ «የተራራ ደንብ» በመባል የሚታወቁ ዘጠኝ ምክሮች አሏት። እነዚህ ምክሮች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀይ መስቀልና በእግር ጉዞ ማኅበሩ አማካይነት ለሕዝብ ሲነገሩ የኖሩ ሲሆን፣ በ2016 ታድሰዋል። ከእነርሱ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታወቀው በጊዜ መመለስን የሚመክረውና ወደ ኋላ መመለስ እንደማያሳፍር የሚናገረው ነው። ለሼራግ ተጓዥ ይህ ምክር በተግባር የሚውልበት ቦታ ግልጽ ነው፦ ሦስተኛው አቀበት ከመጀመሩ በፊት ያለው ሸለቆ። እዚያ የደረሰ ሰው ሰዓቱን፣ ሰማዩንና የአብሮ ተጓዦቹን ጉልበት ይመረምራል። ከዚያ የሚመለስ ሰው ሁለት አቀበቶች ይቀሩታል፤ አምባው ላይ ከወጣ በኋላ የሚመለስ ግን ከእነዚህ በፊት ሦስተኛውን አቀበት መልሶ መውረድ አለበት። ቡድን ሲሆን የሚለካው በብርቱው ሳይሆን በደከመው ሰው ፍጥነት ነው።

መዳረሻ

ከስታቫንገር እስከ ኦይጋርድስቶለን በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በበጋ አውቶቡስም አለ። ከፊዮርዱ መጨረሻ ካለችው የሊሰቦትን መንደር የሚመጣ ደግሞ 27 ጥምዝምዝ ያለውን ቀጥ ያለ የመኪና መንገድ ይወጣል፤ አንዱ ጥምዝ በዋሻ ውስጥ ነው።

በአካባቢው ያሉ ሌሎች ቦታዎች

በዚሁ ፊዮርድ ላይ ከውሃው 604 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ፕረይከስቶለን የተባለ ጠፍጣፋ የአለት ሰገነት አለ። መንገዱ ከሼራግ አጭርና ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ይመረጣል። በፍሎርሊ ደግሞ ከውሃ ኃይል ማመንጫው ቧንቧ ጎን የተሠራ 4,444 ደረጃ ያለው የእንጨት መወጣጫ ይገኛል። የሼራግ ገደል ራሱም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፓራሹት ከገደል የሚዘሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው።