በገዛ እጅ የሚሠራ የግቢ መጥበሻ ምድጃ

እሳት ከሰው ልጅ ጋር ብዙ ዘመን የኖረ ባልንጀራ ነው። ቤትን ያሞቃል፤ ምግብን ያበስላል፤ ቤተ ሰብን በአንድ ዙሪያ ይሰበስባል። ነገር ግን ባልንጀርነቱ በልክ ለያዙት ብቻ ነው። ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ቤት ያቃጥላል፤ ሕፃን ይጎዳል፤ በጭሱም የእናትን ዓይንና ሳንባ ያደክማል። ስለዚህ እሳትን ማንደድ ብቻ ሳይሆን የእሳትን ማደሪያ በሚገባ ማበጀት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በዚህ ጽሑፋችን አንድ አባወራ ከልጆቹ ጋር ሆኖ በቤቱ የሥራ ጥግ ሊሠራው የሚችለውን፣ በእንጨት ፍም የሚሠራ የግቢ መጥበሻ አሠራር ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ምድጃውን ከቤት ወደ ግቢ ማውጣት ትርፉ ብዙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በሰጠው ግምት መሠረት፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል ከመሳሰለው በሚነሣ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ጭሱን አብዝተው የሚስቡትም በጓዳ የሚውሉት እናቶችና በአጠገባቸው የሚያድጉት ሕፃናት ናቸው። ለበዓል ብዙ ሥጋ በሚጠበስበት ቀን ጭሱ በአየር ላይ ቢበተን ለቤት እመቤቲቱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ብረት መቁረጥና መሞረድ የሚያሳፍር ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ኦሪት ዘፀአትን ገልጦ ይመልከት። ባስልኤል የሚቃጠለውን መሥዋዕት መሠዊያ ሲሠራ፣ እንደ መረብ የሆነ የናስ መከታ አብጅቶለት ነበር። በአገራችንም ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ስለ ነበረ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። ልጁን ሞረድ የሚያስይዝ አባት እንግዲህ ክብር እንጂ ውርደት አያወርሰውም።

ዕቃው

ለሥራው የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ አንድ የ200 ሊትር በርሜል ነው። የበርሜሉ ቁመት 88 ሳንቲሜትር፣ የአፉ ስፋት 58 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከዚህም ሌላ ለእግሩና ለጠርዙ የማዕዘን ብረት፣ ለመጥበሻው 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የብረት ዘንግ፣ ሰንሰለት፣ ብሎንና ደረቅ አሸዋ ይዘጋጃል። መሣሪያውም ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ መዶሻ፣ ሞርሳና ትራፓኖ ነው። ብየዳ የማያውቅ ሰው እግሩን በብሎን አሥሮ፣ መጥበሻውን ብቻ ለሠፈሩ በያጅ ቢሰጥ ይበቃዋል።

ስለ ዕቃው ምርጫ ሦስት ነገር አጥብቀን እናሳስባለን።

አንደኛው የበርሜሉ ነገር ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል ከቶ መንካት አይገባም። በርሜሉ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ተን ከመቁረጫው ብልጭታ ጋር ሲገናኝ እንደ ፈንጂ ይፈነዳል፤ ታጥቧል መባሉም አያስተማምንም። የሚመረጠው የምግብ ዘይት የነበረበት በርሜል ነው። እርሱም ቢሆን ሁለቱ ክዳኖቹ ተከፍተው በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ታሪኩ ያልታወቀ በርሜል ከመግዛት 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ገዝቶ ማጠፍ ይሻላል። የበርሜል ቆርቆሮ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ እሳት ቶሎ ይበላዋል፤ ላሜራው ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ሁለተኛው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የጣራ ቆርቆሮና የውኃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በዚንክ የተለበጡ ናቸው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተንናል። የብየዳ እሳት ከዚህ እጅግ የበረታ በመሆኑ፣ ነጩን ጭስ የሳበ በያጅ ማታውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ይያዛል። እንዲህ ያለውን ብረት ለምድጃም ለመጥበሻም አንጠቀም፤ ሰንሰለቱም ያልተለበጠ ይሁን።

ሦስተኛው የአሮጌ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ነው። ብዙ ሰው የሽቦውን ጥራት አይቶ ለመጥበሻ ይመኘዋል። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ መደርደሪያዎች አንዳንዶቹ ካድሚየም በተባለ መርዛም ብረት የተለበጡ ስለ ነበሩ ወደ እሳት መቅረብ የለባቸውም።

አሠራሩ

በርሜሉን በቁመቱ ለሁለት እኩል ለመክፈል ገመድ በወገቡ ዙሪያ ይለካል። ገመዱ 182 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ያንኑ ገመድ ሁለት አጥፎ፣ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው 91 ሳንቲሜትር ለክቶ በጠመኔ ማስመር ነው። ከዚያ በኋላ መሥመሩን ተከትሎ ይቆረጣል። በሚቆረጥበት ጊዜ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሊለዩ አይገባም፤ ልጆችም ከብልጭታው ይራቁ። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በሞረድ ይለዝብ። አንዱ ግማሽ የእሳቱ ገንዳ፣ ሁለተኛው ግማሽ ክዳኑ ይሆናል። ለክዳኑ የእንጨት መያዣ ያላቸው ሁለት ጆሮዎች በብሎን ይታሠሩለታል።

እግሮቹ የገንዳውን ከንፈር ከመሬት 85 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲያደርጉት ሆነው ይቆረጡ። ይህ ከፍታ ጠባሹ ጎንበስ ሳይል እንዲሠራ ይረዳዋል። የእግሮቹ መቆሚያ ከገንዳው ስፋት ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሕፃን ቢደገፈው ወይም ውሻ ቢገፋው የማይገለበጥ ምድጃ ያስፈልጋልና። በገንዳው ወለል 5 ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ ይነጠፍ። አሸዋው ብረቱን ከፍሙ ትኩሳት ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ምድጃው ዋና ምሥጢር እንመጣለን። ሥጋ በእንጨት ፍም መጥበስ በታወቀባት በአርጀንቲና፣ ማገዶውን ከሥጋው ሥር አያነዱትም። በጎን በኩል በብረት ቅርጫት አንድደው፣ በቅርጫቱ ቀዳዳ የወረደውን ፍም ብቻ ወደ መጥበሻው ሥር ይስቡታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የነበልባል ጭስ ሥጋውን ያጠቁረዋል፤ ስቡ በነበልባል ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጭስም ነቀርሳ ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮችን በሥጋው ላይ ያሳርፋል። ፍም ግን ጭሱ ጥቂት፣ ትኩሳቱ የማይዋዥቅ ነው።

ስለዚህ ከገንዳው ርዝመት 28 ሳንቲሜትር ያህሉን ለማገዶው ቅርጫት እንተዋለን። የቅርጫቱ ዘንጎች በመካከላቸው 5 ሳንቲሜትር ይራራቁ፤ ፍሙ በዚያ ይወርዳልና። በቅርጫቱ በኩል ባለው የገንዳው ግንባር ላይ፣ ከአሸዋው ከፍ ብሎ፣ ለአየር መግቢያ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት ቀዳዳዎች ይበሱ። በላያቸው የሚንሸራተት ትንሽ ላሜራ ቢደረግ እሳቱን ለማብረድና ለማበርታት ይጠቅማል።

መጥበሻው እያንዳንዳቸው 52 ሳንቲሜትር የሆኑ 22 ዘንጎች አሉት። ጠቅላላው ከ11 ሜትር ተኩል ጥቂት ያነሰ ዘንግ ነው። በየመካከላቸው 15 ሚሊሜትር ክፍተት ሲተው የመጥበሻው ርዝመት 53 ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ዘንጎቹ በማዕዘን ብረት ክፈፍ ላይ ይበየዳሉ። በገንዳው ሁለት ግንባሮች ላይ ከከንፈሩ 60 ሳንቲሜትር ከፍ የሚሉ ባላ የመሰሉ ምሰሶዎች ታሥረው፣ በላያቸው የሚነሣ አግዳሚ ብረት ይጋደማል። መጥበሻውም በአራት ሰንሰለቶች ከአግዳሚው ይንጠለጠላል። ሰንሰለቱን በማሳጠርና በማስረዘም መጥበሻው ከፍሙ በ8፣ በ18 ወይም በ28 ሳንቲሜትር ርቀት ገደማ ሊቆም ይችላል። ትኩሳቱን የምንገዛው በዚህ ነው።

ጾም ለሚጠበቅበት ቤት ከአንድ ይልቅ ሁለት መጥበሻ ማሠራት መልካም ነው። አንዱ ለፍስክ፣ ሁለተኛው ለጾም ይሁን። በጾም ወራት በቆሎ እሸት፣ ድንችና ቃሪያ በፍም ሲጠበሱ ጣዕማቸው ልዩ ነው፤ የቤት እመቤቲቱም ስብ የነካውን ብረት ስትፈትግ አትውልም።

ማገዶውና የመጀመሪያው እሳት

የገንዳው ውስጥና መጥበሻው ቀለም አይቀቡም። ምግብ ከመጠበሱ በፊት፣ በርሜሉ በውስጡ የተቀባው ነገር ካለ እንዲቃጠል፣ በባዶው ለአንድ ሰዓት ያህል ብርቱ እሳት ይንደድበት። ከዚያም መጥበሻው በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ የምግብ ዘይት በስሱ ይቀባና እንደ ገና ይጋል። ይህ እንደ ምጣድ ማሟሸት ያለ ነገር ነው፤ ዝገትን ይከለክላል።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ያንን ውኃ ሲያተን ትኩሳቱ ይባክናል፤ ጭሱም ይበዛል። ስለዚህ ማገዶው ተፈልጦ ከዝናብ ተጠብቆ ቢያንስ ስድስት ወር ይድረቅ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነዳል፤ ነገር ግን ፍሙ እንደ ወይራ አይቆይም። ወይራ ጠንካራና መዓዛው የታወቀ ነው፤ ስለዚህም እናቶቻችን የወተት ዕቃ ያጥኑበታል። ነገር ግን ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ፣ ለአንድ ቀን ጥብስ ሲባል ግንዱን መጣል ነውር ነው። እሳቱን በባሕር ዛፍ አንድዶ፣ ተቆርጦ ከደረቀው የወይራ ቅርንጫፍ ጥቂት መጨመር ይበቃል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ በሙጫ የተጣበቀ ጣውላና መድኃኒት የጠጣ አሮጌ ምሰሶ ግን ጭሳቸው መርዝ ነው።

ማገዶው ወደ ፍምነት የሚለወጠው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳቱን ለማወቅ መዳፍን ከመጥበሻው በላይ በ10 ሳንቲሜትር ያህል መዘርጋት ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሰኮንድ ብቻ የሚያስችል ከሆነ ብርቱ፣ አምስት ወይም ስድስት ሰኮንድ የሚያስችል ከሆነ መካከለኛ ነው።

ጥንቃቄ

ያልበሰለ የበሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ ሁሉም ያውቃል። የኮሶው እንቁላል የሚመስለው ከረጢት የሚሞተው የሥጋው እምብርት ከ60 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ ላዩ ቡናማ መሆኑ ብቻ ምልክት አይሆንም። ዶሮ እስከ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ሥጋ እስከ 71 ዲግሪ ሊደርስ ይገባዋል። የጥሬ ሥጋው ትሪም ለበሰለው አይመለስ።

ምድጃው ከቤት፣ ከአጥርና ከልብስ ማስጫ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። አንድ ባልዲ ውኃ በአጠገቡ ይኑር፤ እሳቱም ያለ አዋቂ ጠባቂ ለአንድ አፍታ አይተው። ማታ ብርድ ሲሆን የተረፈውን ፍም ለማሞቂያ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ሞትን መጋበዝ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ቤተ ሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጥብሱ ሲያበቃ አግዳሚው ይነሣ፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ይዘጉ፤ ክዳኑም ይደፋ። ፍም በአመድ ውስጥ እስከ ማግሥት ሊቆይ ስለሚችል፣ አመዱ ፈጽሞ ሳይበርድ አይደፋ።

ልጅ የተቃጠለ እንደ ሆነ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆየት ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሊጥ መቀባት ትኩሳቱን አፍኖ ቁስሉን ያብሳል። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትንና እጅን የነካ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይገባል።

ይህን ምድጃ ከገበያ የተዘጋጀ ገዝቶ ማምጣት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ከአባቱ ጋር ለክቶ የቆረጠ፣ ከእናቱ ጋር የማገዶውን ድርቀት የመረመረ ልጅ የሚያገኘው ትምህርት ከምድጃው ዋጋ ይበልጣል። ብረት በግምት እንደማይሠራ፣ ቸኩሎ የተቆረጠ ተመልሶ እንደማይቀጠል፣ እሳትም ቀልድ እንደማያውቅ ከዚያ ይማራል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነውና፣ በእጁ የሠራውን ምድጃ የሚጠብቀውና የሚያከብረው ራሱ ሠሪው ነው።