ከፎርማት በፊት የሚጻፍ ወረቀት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ዙሪያ በየፎቁ ቢሮ የተከራዩ ድርጅቶች ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል፦ ወደ 11 እንሻገር ወይስ ሊኑክስ እንጫን? ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽን መስፈርቱን አያሟላም። ክርክሩ ሁሉ በሲስተሙ ላይ ይሆንና ኢንተርኔቱ ይረሳል። የትኛውም ሲስተም ይመረጥ፣ ቀዳሚው ሥራ የኢንተርኔቱን መረጃ መልቀም ነው ባይ ነኝ። መረጃው ብዙ ጊዜ ያለው ሊጠፋ በተዘጋጀው ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ ከጠፋ በኋላ ለማፈላለግ የሚያስፈልገው ደግሞ ያው ኢንተርኔት ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው መስመሩን ማን እንደሚከፍተው ነው። ሞደሙ ራሱ የሚያገናኝ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቢሰረዝም ብዙ አይጎዳም። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት «ብሮድባንድ ኮኔክሽን» ከፍቶ «ኮኔክት» የሚጫን ከሆነ ግን ዩዘርኔሙና ፓስወርዱ ያሉት እዚያው ማሽን ውስጥ ነው። ዩዘርኔሙ ይነበባል፤ ፓስወርዱ በነጠብጣብ ስለተሸፈነ ከውሉ ወረቀት መፈለግ አለበት። የዋይፋዩን ፓስወርድ ዊንዶውስ ራሱ ያሳያል። ቀጥሎ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «አይፒኮንፊግ ኦል» (ipconfig /all) ተብሎ ይጻፋል። በኢተርኔቱ ወይም በዋይፋዩ ካርድ ሥር «ዲኤችሲፒ ኢነብልድ» ከሚለው ፊት ለፊት «ኖ» ከመጣ አድራሻው በእጅ የተሞላ ነውና አይፒው፣ ሰብኔት ማስኩ፣ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ ቁጥር በቁጥር ወረቀት ላይ ይገለበጣሉ።

«ስልኬን ሰክቼ በዳታ እሠራለሁ» የሚለው ተቃውሞ ባዶ አይደለም። ብሮድኮም የዋይፋይ ካርድ ባላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ሲጫን ድራይቨሩ ሊጎድል ስለሚችል፣ በዩኤስቢ ገመድ የተሰካ ስልክ ትልቅ መፍትሔ ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ስልኩ ድራይቨር ያስወርድ ይሆናል እንጂ የቢሮውን አድራሻ አይመልስም። በዚያ ኮምፒውተር በኩል ፕሪንት የሚያደርጉና የሂሳብ ፕሮግራሙን የሚከፍቱ ሌሎች ማሽኖች የሚፈልጉት የቀድሞውን አይፒ ነው። አድራሻው ከተለወጠ ኢንተርኔቱ እየሠራ የቢሮው ሥራ ይቆማል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ሲስተም ይላከካል።

«ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ መጠየቅ ነው» የሚሉም አሉ። ይደወል። ነገር ግን መስመሩ በአከራይ ወይም ሥራ በለቀቀ ሰው ስም የገባበት ቢሮ ጥቂት አይደለም፤ ባለቤትነት ሳይጣራ ፓስወርድ ማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ መሆንም አለበት። ፓስወርድ ወረቀት ላይ መጻፍ አደጋ አለው ከሚሉት ጋር ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ በተለይ ፎቶ ተነስቶ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ። ወረቀቱ ከውሉ ጋር በአንድ ፋይል ታስሮ ቢቆለፍበት፣ ማሽኑ ለጥገና ሲወጣም አብሮት ባይሄድ አደጋው ይቀንሳል።

ሊኑክስ ለመጫን የወሰነ ሰው ሌላም ዕድል አለው። ከፍላሽ የሚነሳው ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ ስለሚሞከር፣ የተገለበጡትን ቁጥሮች እዚያ ሞልቶ ማየት ይቻላል። እምቢ ካለ አሮጌው ዊንዶውስ ገና ስላልጠፋ ተመልሶ ከፍቶ የጎደለውን መገልበጥ ነው።