ቅቤው ገበያ ሲወጣ አይቡ ለማን ይቀራል?

እናቶችና እህቶች፤ በገበያ ቀን ማለዳ ዘንቢላችሁን ይዛችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ስትወርዱ፣ በመንገዱ ዳር ተርታውን የተቀመጡትን የገጠር እናቶች ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ቅቤዋን በቅጠል ሸፍና ትጠብቃለች። ሌላዋ እንቁላሏን በጭድ መካከል ደርድራ «ውሰጅው እቴ፣ የትናንት ነው» ትላለች። በጀርባቸው ያዘሉት ሕፃን አይታጣም። ገበያው ሲፈታ ቅቤውና እንቁላሉ ወደ ከተማው ቤት ይገባል። እናቲቱም በምትኩ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ገዝታ፣ ለሕፃኑ አንድ ከረሜላ አስጨብጣ ወደ መንደሯ ትመለሳለች።

ይህን የምናነሣው እርሷን ለመውቀስ አይደለም። ጨውና ደብተርም ያስፈልጋሉ። ደግሞስ እንቁላሉን የገዛነው እኛ ለማን አበላነው? ይህን ጥያቄ የምጠይቀው መጀመሪያ ራሴን ነው። የበኩር ልጄን ስድስት ወር አጥብቼ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ለሞግዚቲቱ ቀጭን አጥሚትና የተቀቀለ ድንች አዝዤላት እወጣ ነበር። እንቁላል በቤቴ አልጠፋም፤ ግን ለአባወራው ቁርስና ለእንግዳ የሚቀመጥ ነበር። ልጁ አስራ አንድ ወር ሲሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የክብደቱ መስመር ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ነርሷ «ልጅሽ ምን ይበላል?» ብትለኝ «ከሁሉም ይበላል» አልኳት። «ትናንትና ምን በላ?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ድንችና አጥሚት ብቻ ነበርና።

የዛሬው ጽሑፋችን ሰው በቀን ስንት ፕሮቲን እንደሚያስፈልገውና ከየትኛው ምግብ ቢያገኘው እንደሚሻል ይመለከታል።

ገንቢ ምግብ ማለት ምን ማለት ነው?

ምግብን ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይና አካል ገንቢ ብለን በሦስት እንከፍል የነበረውን ትምህርት ታስታውሳላችሁ። ፕሮቲን ከሦስቱ አካል ገንቢው ነው። ጡንቻ፣ ደም፣ ቆዳ፣ ፀጉር፣ በሽታን የሚዋጋው የሰውነት ኃይልም የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ዓይነት ጥቃቅን ክፍሎች ይገነባል። ከሃያዎቹ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ መግባት አለባቸው።

ነገሩን በቤት ሥራ እንመስለው። ምሰሶው ቢተርፍም ማገሩ ካለቀ ሥራው ይቆማል። ከዘጠኙ አንዱ ሲጎድልም ሌሎቹ ቢትረፈረፉ ሰውነት በሚገባ አይጠቀምባቸውም። ስለዚህ የፕሮቲኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም መታየት አለበት። ሰውነታችን ፕሮቲንን እንደ ስብ ለነገ አያከማችም። በበዓል ቀን በአንድ ጊዜ የተበላ ሥጋ ለወሩ ስንቅ አይሆንም ማለት ነው።

በቀን ስንት ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.83 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት 46 ግራም ያህል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 50 ግራም ያህል ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በዚህ ላይ 31 ግራም ገደማ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 19 ግራም ገደማ ትጨምራለች። የአንድ ዓመት ሕፃን ለኪሎ 1.14 ግራም ያስፈልገዋል። ዘጠኝ ኪሎ ቢመዝን በቀን አሥር ግራም ያህል ይሆናል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ መሶባችን እናምጣቸው። የጤፍ ዱቄት ከመቶው ከ11 እስከ 13 እጁ ፕሮቲን ነው። ምስር፣ አተርና ባቄላ ከመቶው ሩብ ያህል፣ ሽምብራ አንድ አምስተኛ ያህል አላቸው። አንዲት ሴት በቀን የ300 ግራም የጤፍ ዱቄት እንጀራ በ60 ግራም ሽሮ ብትበላ ወደ 49 ግራም ፕሮቲን ታገኛለች። ይህ ከላይ ከተጠቀሰው 46 ግራም በጥቂቱ ይበልጣል። የእህል ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ ትንሽ ትርፍ መኖሩ መልካም ነው እንጂ፣ ጠግቦ የሚያድር ጤነኛ አዋቂ ሰው ሥጋ ስላልበላ ብቻ አይጎዳም።

እንጀራና ሽሮ አብረው መበላታቸውም ያለ ነገር አይደለም። እህል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጤፍ በዚህ ከስንዴ ቢሻልም እርሱም ብቻውን አይበቃም። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። ሁለቱ በአንድ ትሪ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን የአሚኖ አሲድን ስም ሳይሰሙ ይህን አድርገውታል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ ለዕድሜያቸው በቁመት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ ከመቶው 38 ነበር። በ2019 በተደረገው ጥናት የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ዝቅ ቢልም፣ አሁንም ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። ጎተራው ሞልቶ ልጁ የሚቀነጭረው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የሕፃኑ ጨጓራ ትንሽ መሆኑ ነው። እኛ ሦስት እንጀራ በልተን የምናገኘውን ፕሮቲን እርሱ በሦስት ጉርሻ ሊያገኘው አይችልም። ቀጭን አጥሚት ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ሆዱን ይሞላዋል፣ ሰውነቱን ግን አይሠራለትም። ሁለተኛው ምክንያት ተቅማጥና ሌላ በሽታ ደጋግሞ ሲመጣ የበላውን ስለሚነጥቀው ነው። ሦስተኛው የማዕድ ሥርዓታችን ነው። ዶሮ ሲታረድ ፈረሰኛው ለአባወራና ለእንግዳ ይሄዳል፤ ልጅ ክንፍና መረቅ ይደርሰዋል፤ ወጡን የሠራችው እናት ከሁሉም በኋላ ድስት ትጠርጋለች። ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ የምታጠባም ብትሆን እንዲሁ ነው።

ሲሲሊ ዊልያምስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ፣ እግራቸውና ፊታቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚሳሳ ሕፃናት አይተው ስለ በሽታው ጻፉ። የአገሩ ሰዎች በሽታውን ክዋሺኦርኮር ይሉት ነበር። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ታላቁን ከጡት ያፈናቀለው በሽታ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን «የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን ዶናልድ ማክላረን የተባሉ ምሁር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ለፕሮቲን ብቻ ትኩረት መስጠቱ ስሕተት መሆኑን ተቹ። ሕፃኑ በቂ ኃይል ሰጪ ምግብ ካላገኘ፣ የበላውን ፕሮቲን ሰውነቱ እንደ ማገዶ ያነድደዋልና። ዛሬ የሚታወቀው ሁለቱም በቂ መሆን እንዳለባቸው ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ገንፎ ወፈር ይበል፤ ዘይት ወይም ቅቤም ጠብ ይደረግበት።

ከቤታችን የሚገኙት

እንግዲህ ወደ ቅቤዋ ሻጭ እንመለስ። ቅቤ ስብ ነው፤ ፕሮቲን ከቁጥር የሚገባ የለውም። ወተቱ ሲናጥ ፕሮቲኑ የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው፤ አሬራው ሲሞቅም በአይቡ ይረጋል። አንድ መቶ ግራም አይብ ከአሥር ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ቅቤው ገበያ ቢወጣም ገንቢው ምግብ ከቤት አልወጣም ማለት ነው። ጥያቄው አይቡ ለማን ቀረ የሚለው ነው። ለልጁ ቢቀርለት ገበያውም ማዕዱም አይጎዱም። ያልፈላ ወተት ግን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ለሕፃን ሲሰጥ ፈልቶ ይሁን።

እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ይህም የአንድ ዓመት ሕፃን ለቀኑ ከሚያስፈልገው ግማሹን ያልፋል፤ ዘጠኙንም አሚኖ አሲዶች አሟልቶ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኳዶር የወጣ ጥናት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲበሉ መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳየም፤ የማላዊ ሕፃናት ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበርና። ይህ የሚያስተምረን እንቁላል እንደ መድኃኒት ሳይሆን የጎደለውን እንደሚሞላ ምግብ መታየት እንዳለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ሕፃናት በየቀኑ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ እንዲበሉ መክሯል።

ሥጋ ሲገኝ መረቁን ብቻ ለሕፃኑ መስጠት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚቀረው በሥጋው ነው፤ ስለዚህ ሥጋውን በደንብ አድቅቃችሁ ከመረቁ ጋር ስጡት። ሥጋ በየቀኑ ለመግዛት ደመወዝ ካልበቃ፣ ወሩን በጥራጥሬ ይዞ የተረፈውን ገንዘብ ለሕፃኑ እንቁላል ማዋል ይሻላል።

ለሕፃን ገንፎ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ቀላቅሉ። ገብስ ወይም ስንዴ፣ ጤፍ፣ የተፈተገ ባቄላ ወይም ሽምብራ ለየብቻ ታምሶ አብሮ ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ በአገራችን የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ጥናት ያስገኘው ፋፋም መሠረቱ ይኸው ነበር፤ የስንዴና የጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄት ጋር የተቀላቀለበት ምግብ ነው። ገንፎው በጣም ከወፈረ ውሃ ከመጨመር ይልቅ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሩበት፤ ይቀጥናል፣ ምግብነቱ ግን አይቀንስም። ብቅሉ ከገባ በኋላ መልሶ መፍላቱ አይዘንጋ።

ስለ ግብጦና ጓያ

ግብጦ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚበቅል፣ ከመቶው ከ35 እጅ የማያንስ ፕሮቲን ያለው ጥራጥሬ ነው። እኛ ግን ከቆሎና ከአረቄ አላሳለፍነውም። መራራነቱ የሚመጣው ከሚጎዳ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ታምሶ በሚወርድ ውሃ ውስጥ ቀናት መቆየት አለበት። መራራነቱ ሳይለቅ ማንም አይብላው። መራራ ያልሆኑ ዝርያዎች በክልላችን ስለተሞከሩ ወደፊት ተስፋ የሚጣልበት ሰብል ነው።

ጓያም ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ለዘለቄታው ሽባ ያደርጋል። ደምቢያና ፎገራ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም የወሎው ደላንታ ይህን አይተዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ዋናው መከላከያ ግን የየዕለት ምግብ አለማድረግ ነው።

በጾም ወራትስ?

ሕፃን አይጾምም። ብዙ እናቶች ግን ድስቱና ማንኪያው እንዳይፈሰክ በመፍራት በጾም ለሕፃኑ እንቁላል አይቀቅሉም። አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ነገሩን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የምትጾሙም ብትሆኑ አዚፋ፣ ስልጆ፣ እልበት፣ በቆልትና ንፍሮ ከእንጀራው አይለዩ። ማብቀልና ማቡካት ጥራጥሬውን ለሆድ ቀላል ያደርገዋል።

ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የክብደቱ መስመር የተነሣው ውድ ነገር ስለገዛሁ አልነበረም። እንቁላሉ ከአባቱ ሳህን ወደ እርሱ ሳህን ተሻገረ፤ አጥሚቱም ገንፎ ሆነ። አባቱ መጀመሪያ «የእኔስ?» ብሎ ነበር። ካርዱን ባሳየሁት ጊዜ ግን መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ዝም አለ፤ በማግስቱም እንቁላሉን የላጠለት እርሱ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ፣ ነርሷ እኔን የጠየቀችኝን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ልጃችሁ ትናንትና ምን በላ? እናንተስ?